ዓባይን የተሻገረው ኤተር

ኤተር ከሰውየው ቀድሞ ቤት ይገባል። ሥራዬ በሽተኛን በኤተር ማደንዘዝ ነበርና ሚስቴ መመለሴን የምታውቀው በኮቴዬ ሳይሆን በጠረኔ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ሰርግ ስጠራ "አንተ ከሙሽራዋ ራቅ በል፤ ሳትዳር ታስተኛታለህ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠረኑ ከልብሴ ለቋል፣ ቀልዱም አብሮ ቀርቷል።

ባለፈው ሰሞን በከተማችን ሆስፒታል ማደንዘዣ የምትሰጠው የጎረቤቴ ልጅ ማሽኗን ልታሳየኝ ይዛኝ ሄደች። ቁጥሮቹ ይበራሉ፣ ቱቦዎቹ ይተነፍሳሉ፣ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ወድጄው ዙሪያውን አየሁት። በእናንተ ጊዜ በሽተኛው መተኛቱን በምን ታውቁ ነበር ስትለኝ፣ በዓይኑ ብሌን፣ በትንፋሹ፣ በደም ሥሩ ምት ብዬ መለስኩላት። ውሸት አልነገርኳትም። ነገር ግን እኛ በሌላም ነገር እናውቅ ነበር፤ እሱን ቆሜ ላወራው አልፈለግሁም። ተቀምጬ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ላይ ወለል ጠራጊ ሆኜ ነው። ከመጥረጊያ ወደ ፋሻ ማጠብ፣ ከዚያ መርፌ ወደ መቀቀል እያልኩ ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ ሆንኩና ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩ። ደመወዙ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ለሁለት የሚያጣላ ነበር። ጤና ጣቢያችን የጭቃ ቤት ብትሆንም አንዲት የኦፕራሲዮን ክፍል ነበረቻት። የመጀመሪያው አለቃዬ ኤተሩን ሰው ይጠጣዋል ብሎ ስለሚሰጋ የሣጥኑን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። እሱ ሲዛወር ዶክተር ፍሥሐ የሚባል ወጣት ሐኪም መጣ። ሲቆርጥ ይቆጣል፣ ሲሰፋ ይረጋጋል፤ እጁ ግን ፈጣን ነበር።

ሙያውን ያስያዙኝ ጋሼ ሰይድ ናቸው። የከላላ ሰው ናቸው፤ የአባታቸው ቤት ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ፣ የሚቀራበት ቤት ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤት ገብተው ኤተር መስጠት ተማሩና ሙያውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኤተር እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ይኮመጥጣል ይሉ ነበር። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት አንዲት ጠብታ ነጭ ጨርቅ ላይ ጣል ያደርጉና እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ደርቆ ምንም ካልሸተተ ጥሩ ነው። የኮመጠጠ ጠረን ከተወ ግን ጠርሙሱን ይዘው ወጥተው ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ይደፉታል፤ ዶክተሩ ቢለምናቸውም አይሰሙትም። ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ኤተር አይከፈትም፣ ፋኖስም ከበር ውጭ ይቀራል። የሽቦው ጭንብል በበሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ ይደፋል፣ በላዩ ስስ ሻሽ ይነጠፋል፤ ጠብታው ሻሹ ላይ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ኋላ እየተጠጋጋ ይወርዳል። ቸኩለህ ብታበዛው በሽተኛው ይታነቃል፣ ብትሰስተው ይወራጫል። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ እጄን እየያዙ ነው ያስተማሩኝ።

ሌላ ቦታ በሽተኛን ሲያስተኙ ቁጥር ያስቆጥሩታል። የእኛ አገር ገበሬ ግን ቁጥር ሲባል ግብር የሚጠየቅ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል። ስለዚህ ጋሼ ሰይድ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ጭንብሉን ከመድፋታቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ አብሽር፣ በል ተነሥና ወደ ቤትህ ሂድ፣ የምታልፍበትን እየነገርኸኝ ይሉታል። ሰውየው ዓይኑን እንደ ጨፈነ በሐሳቡ ይነሣል። ከጤና ጣቢያው በር ይወጣል፣ ገበያውን ያልፋል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሰላም ይላል። ድምፁ እየከበደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ዝም ይላል። ጋሼ ሰይድ ያን ቦታ በልባቸው ይይዛሉ። ሥራው ሲያልቅ ከዚያው ቦታ ጠርተው ይመልሱታል፤ ከወንዙ ውጣ፣ ዳገቱን ያዝ፣ ገበያው ይኸው እያሉ። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ሰው ቤቱ ሳይደርስ መተኛት አለበት። ቤቱ የደረሰን ሰው መልሶ ማውጣት ከባድ ነው ይሉ ነበር። እኔ በልቤ እስቅ ነበር።

ሳቄን ያስተወኝ ረሃቡ ነው። ከማሻ በኩል፣ አምባ መቅደላ ከሩቅ ከሚታይበት ጠርዝ የተነሣ ሕዝብ መካነ ሰላም ገባ። ከረሃቡ ጋር ተስቦ ነበረ፤ ተስቦ የጣቶቻቸውን ደም ያደረቀባቸው፣ እግራቸው የጠቆረባቸው ሰዎች እየመጡ ጠረጴዛችን ላይ ይወጣሉ። በረሃብ ለከሳ ሰው ኤተር ጥቂት ይበቃዋል። ከዚያ ጠርዝ የመጡት ሁሉ ግን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በአንድ በር ያልፋሉ። በሩ ላይ የተቀመጠች ሴት ያገኛሉ። እንዴት ዋልሽ ትጓደድ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው ይሏትና እዚያው ይተኛሉ። ሽማግሌውም፣ ልጃገረዷም፣ በተለያየ ሳምንት የመጡት ሁሉ እዚያው በር ላይ ነው የሚተኙት። ሲነቁ ብንጠይቃቸው፣ ትጓደድ የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ቤቷ መንገድ ዳር ነው፣ ከነልጆቿ አልቃለች አሉን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ መንደሩ የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም። ቢሆንም ከዚያ መንደር ሰው በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን ለጋሼ ሰይድ እሰጥ ነበር።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በነበረው በጋ ደመቀ የሚባል በቅሎ ነጂ እህቱን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። የእህቱ ግራ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ከሰል መስሏል። ስሟንና አገሯን ስትናገር ጋሼ ሰይድ ያጥፉት የነበረውን ሻሽ እንደ ያዙ ቀሩ። ትጓደድ ነበረች። ያለቁት ልጆቿ ናቸው፤ እሷ እነሱን ቀብራ ከመጠለያ መጠለያ ስትንከራተት ቆይታ ወንድሟ ፈልጎ አገኛት። ስታወራ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ፊቷ የማይንቀሳቀስ ሴት ናት። ዶክተሩ ጥቁረቱ ጉልበቷ ላይ ከመድረሱ በፊት እግሩ ካልተቆረጠ ትሞታለች አለ። ኤተር ግን አልነበረንም።

አብዮቱ መድኃኒት የምናመጣበትን የደሴ መጋዘን አሽጎት ነበር። ኃላፊው ታስሯል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ደብዳቤ ስንጽፍ ከደብዳቤያችን የሚረዝም መፈክር ያለበት መልስ ይመጣልናል። ሣጥናችን ውስጥ የነበሩት የመጨረሻ ጠርሙሶች ኮምጥጠው ጋሼ ሰይድ ደፍተዋቸዋል። ዶክተሩ ጎጃም ውስጥ አብሮት የተማረ ሐኪም ነበረው፤ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ካለ ከራሱ ድርሻ ሊያካፍለን ተስማማ። የተላክሁት እኔ ነኝ። በቅሎዋን ያቀረበው ደመቀ ነው፤ ኪራይ ስናነሣበት ተቀየመን።

ስንነሣ ጋሼ ሰይድ እስከ ከተማው ዳር ሸኙን። ኤተር ደጋ ላይ ጨዋ ነው፣ ቆላ ሲወርድ ግን ይፈላል አሉን። ባናውን፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ውኃ አጠጥታችሁ ጠርሙሶቹን ጠቅልሉበት፤ በማለዳ ተጓዙ፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ፈልጉ፤ ማሸጊያውን ማንም እንዳይነካው አሉ። የመጨረሻውን ለእኔ ነው የነገሩኝ፤ ደመቀ በቅሎዋን ይጭን ነበር።

መሄጃችን ሰላም ነበር። ሐኪሙ ቃሉን ጠብቆ የታሸጉ ቡናማ ጠርሙሶች ሰጠን፤ አንዷ ጭነቱ ውስጥ ስላልገባችልኝ ከስንቄ ጋር በአገልግሌ ያዝኳት። ስንመለስ ወደ ዓባይ ገደል መውረድ እንደ ጀመርን ጠርሙሶቹ ድምፅ አወጡ። በክዳናቸው ጠርዝ የሚያመልጠው እንፋሎት ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ከርጥቡ ባና ውስጥ ሲሰማ ግን የተኛ ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር። ረዥም ሆኖ ይወጣል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። በቅሎዋ ጆሮዋን አጥፋ አልራመድም አለች። ደመቀ አጠገቤ መጥቶ፣ አስተኝታችሁ ያልቀሰቀሳችኋቸው ሰዎች እዚህ ውስጥ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁበት፤ ሳቄ ግን ለራሴም አልጣመኝም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ነበር። ጭነቱን አውርደን ከድንጋይ ጥላ ሥር ገባንና እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ ጠረኑ ነው። ደመቀ ውኃው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ወደ ወንዙ ያፈስሳል። በአገራችን አረቄም ጠላም ሲቀመስ የመጀመሪያው ለአድባር እንደሚፈስሰው ማለት ነው። እጁ ጥንቁቅ ነበር፤ ከንፈሩ ይጸልያል።

"ዓባይ ባዶ እጅ አያሳልፍም" አለኝ ዞር ብሎ። "የእህቴን እንቅልፍ ይዤ ዝም ብዬ ልሻገር? ከሁሉም አቀመስኩት፤ አንዱን ብዘልል ይቀየመኛል ብዬ።"

ልመታው እጄን አነሣሁ። ፊቱን ሳየው አወረድኩት፤ ክፋት የለበትም፣ እህቱን ነው የሚያድነው። ክዳኖቹን መልሰን ብናጠብቅም ማሸጊያቸው ተነሥቷል፣ ቆላውም ይፋጃል። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን እያለከለክን ስንወጣ የጠርሙሶቹ ትንፋሽ እየሳሳ ሄደ፤ አፋፉ ላይ ስንደርስ ኤተሩ ተንኖ አልቆ ጭነቱ ጸጥ አለ። ከድምፁ ይልቅ ጸጥታው ከፋብኝ። ያልተነካችው በአገልግሌ የያዝኳት አንዷ ብቻ ነበረች።

ጋሼ ሰይድ ባዶዎቹን እያነሡ በብርሃን አዩዋቸው። ደመቀ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አስቆሙት። ይቆጡታል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ለወንዝ የሰጠኸውን ሰው አይመልሰውም፣ በቀረው እንሠራለን አሉት። ዶክተሩ ይበቃል ወይ አለ። ከሲታ ናት፣ አንተ ከፈጠንክ ይበቃታል አሉት። ለሌላ ጉዞ ጊዜ አልነበረንም፤ ጥቁረቱ ወደ ባቷ መውጣት ጀምሯል።

በማግሥቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። ጋሼ ሰይድ የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ሊልኳት አልፈለጉም። ወደ ከላላ ገበያ ሂጅ አሏት። ከላላን አላውቀውም አለች። ሰው ወደማያውቀው አገር ብቻውን አይሄድም። ጎንበስ ብለው፣ "አብሽሪ እቴ" አሏት፤ "በይ ተነሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጅ። የምታልፊበትን ንገሪኝ።"

ሄደች። የደም ሥሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሰይድ ኤተሩ እንዳያልቅ ጠብታውን እያራራቁ ያወርዱታል፤ በዚያው ልክ መንገዷ ረዘመ። ገበያውን አለፈች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ማሻን ወደ ጎን ትታ ዳገቱን ወጣች። አምባ መቅደላ ታየኝ አለች። የጎረቤቶቿን ቤት በየስማቸው እየጠራች፣ የእነ እገሌ ተዘግቷል፣ የእነ እገሌ ጣራው ወድቋል እያለች ነጎደች። ድምጿ አልከበደም። ሌሎቹ ሁሉ ከሚተኙበት በር ስትደርስ ጋሼ ሰይድ ጠርሙሱን ዘንበል አደረጉት፤ ዘግይተው ነበር።

"በሩ ክፍት ነው" አለች፣ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ትንፋሿ ረዘመ፣ ዓይኗ ረጋ፣ ዶክተሩም ጀመረ።

እጁ ፈጣን ነው ብያለሁ። አጥንቱን ጨርሶ ሥጋውን ሊሰፋ ሲነሣ ግን ጠርሙሱ አለቀ። ጋሼ ሰይድ ገልብጠው አራገፉት። ቅንድቧ ተቋጠረ፣ ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ዶክተሩ ቀና ሳይል ገና ብዙ ይቀረኛል አለ። ያን ጊዜ ጋሼ ሰይድ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው፣ "ትጓደድ፣ ከቤት እንዳትወጪ" አሏት። "ልጆችሽን አብያቸው።"

ነጻ የነበረው ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ተነሣ። ጣቶቿን ሰብስባ ጉርሻ ጠቀለለች። ወደ ጎኗ ዘርግታ አጎረሰች፤ እንደገና ጠቀለለች፣ አሁን ዝቅ አድርጋ፣ ለታናሹ። እጇ ባዶው አየር ላይ ሲደርስ ጥቂት ይቆያል፤ አፍ እስኪከፈት ይጠብቃል። መርፌው ሥጋዋ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አልተንፈራገጠችም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የክሩ መሳብና፣ በሹክሹክታ የምትለው "እንካ፣ እንች" ብቻ ነበር። ፈራሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስፌቱ አለቀ፣ ፋሻው ታሰረ። ጋሼ ሰይድ ይጠሯት ጀመር፤ ከበሩ ውጪ፣ ዳገቱን ውረጅ፣ ወንዙ ይኸው እያሉ። "ቆዩኝ" አለች፤ "ገና አልጠገቡም።" ኤተር የለባትም፤ መንቃት ነበረባት። የደም ሥሯ ግን ከጣቴ ሥር እየራቀ ሄደ። ነገርኳቸው። ወንድሟን ጥራው አሉኝ፤ ደመቀ ገባና እታለም ብሎ ጠራት። ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

"ደሜ፣ ና ግባ" አለችው። "ላንተም አለ።"

ደመቀ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ጋሼ ሰይድ በመዳፋቸው ከደኑት። በዓይናቸው ዝም በል አሉት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ በየዋህ ድምፅ ሳይሆን አዋጅ እንደሚነግር ሰው፣ "ትጓደድ፣ ቤቱ ባዶ ነው" አሏት። "ልጆችሽ የሉም። ነይ ውጪ።"

እጇ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ደረቷ ላይ ወደቀ። የደም ሥሯ ከጣቴ ሥር ተመለሰ፤ ዓይኗንም ገለጠች። አላለቀሰችም። ጋሼ ሰይድን ብቻ አየቻቸው፣ ብዙ አየቻቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን አላሸሹም።

ትጓደድ ዳነች። መካነ ሰላም ቀርታ፣ በምርኩዝ እየሄደች፣ ጥጥ እየፈተለች ኖረች፤ ደመቀም ውኃዋን እየቀዳ እንጨቷን እየፈለጠ እስኪሞት ድረስ አገለገላት። ሁላችንንም ሰላም ትለናለች። ጋሼ ሰይድን ግን ሰላም ብላቸው አታውቅም፤ በመንገድ ሲያገኟት እሳቸውም ቆመው ያሳልፏታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ወደ ቤቱ አልላኩም፤ ሁሉንም ወደ ገበያ ነው የሚልኩት። ሕይወቷን እኮ ነው ያተረፉት ብዬ ሞግቻቸው አውቃለሁ። "እግሯን ዶክተሩ ቆረጠ፤ ልጆቿን ዳግም የቀበርኩባት እኔ ነኝ" አሉኝ። "የትኛው እንደሚበልጥ አላህ ይፍረደው።" ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጥተው ከላላ ገቡ፤ እዚያው ነው ያረፉት። አላህ ይማራቸው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ኤተር ከደሴ በካርቶን በሚመጣበት ጊዜ፣ ትጓደድ አንጀቷ ታጥፎ መጣች። አርጅታለች፤ ሕመሙ ፊቷን አመድ አስመስሎታል። ማን ነው የሚያስተኛኝ አለች። እኔ ነኝ አልኳት።

"እንግዲያ ወደ ቤቴ ስደደኝ" አለችኝ።

አሁን ወደ ገበያ ነው የምንሄደው አልኳት። ገበያ ሄጄ ምን ልገዛ ነው አለችኝ፤ እጄንም አልለቀቀችም። እሺ አልኳት፤ እንቢ ማለት አልሆነልኝም። ጭንብሉን ስደፋ ምን እንደምትለምነኝ ገብቶኛል። ጠብታውን ባራርቀው መንገዱ ይረዝማል፣ ትደርሳለች። የደም ሥሯ ምት ግን ደካማ ነው፤ ከደረሰች ጠርቶ የሚመልሳት ወንድም የለም፣ ጋሼ ሰይድም የሉም። ጠርሙሱ ሙሉ ነበር። ሙያው እንደሚያዝዘው፣ ጠብታውን ሳልሰስት አወረድኩት። ገበያውን አለፈች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ዳገቱን ስትወጣ ምላሷ ተሳሰረ። አምባውን ያየች ይመስለኛል፤ ከዚያ ዝም አለች።

አንጀቷ ተፈታ፣ ስፌቱም አማረ። ስጠራት ሳትቸገር መጣች፤ ገር ሆና። ዓይኗን ገልጣ ጣራውን አየች፣ ከዚያ እኔን ፈለገችኝ፤ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው።

"ለምን ቸኮልህ?" አለችኝ በቀስታ። "በሩ እየታየኝ ነበር እኮ።"